የኤሌክትሮኒክስ ላብ የቡድን ሥራ፦ ከደቦ ወደ ወንፈል

የሁለተኛ ዓመት ኤሌክትሮኒክስ ላብ ግቡና አንድ ጠረጴዛ ተመልከቱ። አምስት ተማሪዎች ብሬድቦርዱን፣ ማለትም ሰርኪት ያለ ብየዳ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ከበውታል። ሽቦ የሚሰካው አንዱ ነው። አንዷ ትጽፋለች። አንዱ ውጤቱን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ሁለቱ ከኋላ ቆመው ሌላ ወሬ ይዘዋል። ሳምንት ቆይቶ ያማረ ሪፖርት ይመጣል፤ አምስት ስም፣ አምስት አይዲ ቁጥር። አርመን ዘጠኝ ከአሥር እንሰጣለን። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የተግባር ፈተና ይመጣል። ያኔ ከአምስቱ አብዛኞቹ መልቲሜትሩን ለቮልቴጅ የት ላይ፣ ለከረንት የት ላይ እንደሚያደርጉት ይጠፋቸዋል።

እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ለዓመታት እንዲህ አስተምሬያለሁ። ጥፋቱ የልጆቹ ይመስለኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ችግሩ ሥራውን የማደራጅበት መንገድ እንደሆነ ገባኝ።

ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ደቦ ሲጠራ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን አስጋግሮ ሰው ይጠራል። ማሳው የእሱ ነው፣ ምርቱም የእሱ ነው። ወንፈል ግን ተራ ነው። ዛሬ ያንተን እናጭዳለን፣ ነገ የእኔን። የወሰድከውን ጉልበት በጉልበት ትመልሳለህ። የላብ ቡድኖቻችን ሳናስበው ደቦ ሆነዋል። ባለቤቱ ሰቃዩ ተማሪ ነው፣ ሌላው ሊያግዘው የመጣ እንግዳ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ቡድኑን ወንፈል ለማድረግ ደረጃ በደረጃ የማደርገውን ነው። አዲስ ለጀመራችሁ መምህራንና የላብ አሲስታንቶች እንዲጠቅም ብዬ ቁጥሮቹንም አስገብቻለሁ።

ደረጃ 1፦ አንድ ሰው ብቻውን የማይወስነው ሥራ ስጡ

ይህን ደረጃ አትለፉት። ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የቡድን ሥራ የሚበላሸው ገና ከጥያቄው ነው። «የዳዮዱን ከርቭ ለክታችሁ ሣሉ» ስንል የአንድ ሰው ሥራ ነው የሰጠነው። አምስት ሰው እዚያ ማስቀመጥ አራቱን ሥራ ማስፈታት ነው። ጥሩ የቡድን ጥያቄ የአንዱ ውሳኔ የሌላውን ውሳኔ የሚያፈርስበት ነው።

እኔ በየዓመቱ የምጀምረው በፓወር ሰፕላይ ነው። ትዕዛዙ አጭር ነው፦ 5 ቮልት፣ ግማሽ አምፔር የሚሰጥ ሥሩ። ከዚያ ለአራቱ አባላት አራት ካርድ አድላለሁ።

የመጀመሪያው ካርድ የትራንስፎርመር ነው፤ 9፣ 12 ወይም 15 ቮልት ይመረጣል። ሁለተኛው ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጡት ዳዮዶችና የሚያለሰልሰው ካፓሲተር ነው፤ 470፣ 1000 ወይም 2200 ማይክሮፋራድ። ሦስተኛው የሬጉሌተሩና የሙቀቱ ነው፤ 7805፣ ማለትም ውጤቱን 5 ቮልት ላይ የሚያጸናው ሬጉሌተር፣ ስንት ዋት ወደ ሙቀት እንደሚለውጥና ምን ያህል ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) እንደሚፈልግ ያሰላል። አራተኛው የሎዱ፣ ኃይሉን የሚጠቀመው ክፍል፣ ነው፤ ግማሽ አምፔር የሚስበውን ሬዚስተር ይመርጣል፣ እንዴት እንደሚለካም ያቅዳል።

ሁሉም መጀመሪያ ለየብቻው ይመርጣል። ባለትራንስፎርመሯ አብዛኛውን ጊዜ 9 ቮልቱን ትይዛለች። ሬጉሌተሩ እንዳይግል ብላ ነው፣ ሐሳቧም ትክክል ነው። ባለካፓሲተሩ 1000ውን ያነሳል፤ በየሥዕሉ ያየው እሱን ነውና። ከዚያ ቁጥሮቹን አንድ ላይ እንዲያደርጉ አዛለሁ። 9 ቮልት በ1.414 ሲባዛ ጫፉ 12.7 ቮልት ነው። ሁለት ዳዮድ 1.4 ቮልት ያህል ይበላል፣ 11.3 ይቀራል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከብሪጁ (ከአራቱ ዳዮዶች) በኋላ ሞገዱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይመላለሳል። ሪፕሉን፣ ማለትም ቮልቴጁ ከጫፉ ወደ ታች የሚወርድበትን መጠን፣ በግምት ለማግኘት 0.5 አምፔርን ለ100 እና ለ0.001 ፋራድ (ለ1000 ማይክሮፋራድ) ብዜት እናካፍላለን፤ 5 ቮልት ይመጣል። ስለዚህ ከታች የሚደርሰው 6.3 ቮልት ነው። 7805 ደግሞ በትክክል ለመሥራት 7 ቮልት ያህል ይፈልጋል። በሰከንድ መቶ ጊዜ 5 ቮልቱ ይሰበራል ማለት ነው። ለየብቻ ሲታይ ሁለቱም ምርጫ ደህና ነበር። አብረው ሲሆኑ አልሠሩም።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ትራንስፎርመሩን ወደ 15 እናድርገው ይላል። ያኔ ባለሬጉሌተሩ ይነሳል። በ15 ቮልትና በ2200 ማይክሮፋራድ ሬጉሌተሩ ላይ የሚደርሰው በአማካይ 18.7 ቮልት ገደማ ነው። ከዚያ ላይ 5 ቀንሰን በግማሽ አምፔር ስናባዛ 6.8 ዋት ይሆናል። 9 ቮልቱን ትተን ካፓሲተሩን ብቻ ወደ 2200 ብናሳድገው ግን ሪፕሉ ወደ 2.3 ቮልት ይወርዳል፣ ከታች 9 ቮልት ይቀራል፣ ሙቀቱም 2.6 ዋት ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ያለ ሂት ሲንክ አይሆንም። ለብቻው የቆመ 7805 በእያንዳንዱ ዋት 65 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። 2.6 ዋት ማለት ከክፍሉ ሙቀት በላይ 170 ዲግሪ ማለት ነው። እዚያ ሳይደርስ ራሱን ያጠፋል። በሚያዝያ የባሕር ዳር ከሰዓት ደግሞ ክፍሉ ራሱ ግሏል።

ጎበዝ ቡድን ከዚህም አልፎ ይጠይቃል። መብራት ደክሞ 220ው 190 ቢሆንስ? 9 ቮልቱ ወደ 7.8 ይወርዳል፤ ከታች የሚቀረው 7.3 ቮልት ነው፤ ለጥቂት ይተርፋል። ይህን ጥያቄ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ኃይል በሚዋዠቅበት ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። በፈተና የማይታይ እውቀት ቡድን ውስጥ እንዲህ ዋጋ ያገኛል።

ሎዱንም አትናቁት። 5 ቮልትን ለግማሽ አምፔር ስናካፍል 10 ኦም ነው፣ የሚያቃጥለውም 2.5 ዋት። ሩብ ዋት ሬዚስተር የሰካ ቡድን በጭሱ ይማራል። እኔ ባለ 5 ዋቱን አስቀድሜ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ካልጠየቁኝ ግን አላወጣም። ከኃይሉ በፊት ሒሳቡን መሥራታቸውን ግን አረጋግጣለሁ።

አንድ ነገር አደራ። የ220 ቮልቱን ጎን ተማሪ አይነካውም። ትራንስፎርመሩን ከፊውዝ ጋር ሣጥን ውስጥ ከድናችሁ፣ የሴኮንደሪውን (ዝቅተኛው ቮልቴጅ የሚወጣበትን ጎን) ሁለት ሽቦ ብቻ አውጥታችሁ ስጡ። ዕቃ ካጠራችሁ ከተበላሸ ሬዲዮ፣ ከዲሽ ሪሲቨር፣ ከሞተ ዩፒኤስ ብዙ ይገኛል። ጠጋኞች የማይፈልጉትን ቦርድ በትንሽ ብር ይሰጧችኋል። ካፓሲተሮቹን ግን የያዙትን ቻርጅ ሳታሟጥጡ አትንኩ።

ሁለተኛው የምወደው ሥራ ባለሁለት ደረጃ አምፕሊፋየር ነው። ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አንድ ደረጃ ይሠራሉ። ለየብቻ ሲለኩት እያንዳንዱ 20 እጥፍ ያጎላል እንበል። ሲገናኝ 400 ይጠብቃሉ፣ በጣም ያነሰ ያገኛሉ። የሁለተኛው ደረጃ ግቤት ከመጀመሪያው ላይ ከረንት እየሳበ ስለሚጭነው ነው። ጥፋተኛ ፍለጋ ይጀመራል። ከዚያ ጥፋቱ በማንም ሰርኪት ውስጥ ሳይሆን በመገናኛው ላይ እንዳለ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ደረጃ 2፦ ቡድኑን እናንተ መድቡ

አራት አራት አድርጉ። ካልደረሰ ሦስት ይሁን፣ አምስት አይሁን። አንድ የላብ ጠረጴዛ ላይ ለአምስተኛ ሰው እጅ የሚሆን ሥራ የለም። ነገሩ አዲስ አይደለም። ማክሲሚሊያን ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ውጤቱን በ1913 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ስምንት ሆነው ሲጎትቱ አንዱ ሰው ብቻውን ከሚጎትተው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር የሚያወጣው።

ራሳቸው ይመራረጡ ካላችሁ በዶርም፣ በትውልድ ቦታና በውጤት ይሰባሰባሉ። ሰቃዮቹ አንድ ጠረጴዛ ይይዛሉ፣ የቀሩት ደግሞ ሌላ። «አንድ ለአምስት» የምንለው አደረጃጀት መፍትሔ ተብሎ ነበር። እኔ ያየሁት ችግሩ መሪው አለመቀየሩ ነው። አንዱ ሁልጊዜ አስረጂ፣ አምስቱ ሁልጊዜ አድማጭ ከሆኑ ያው ደቦ ነው።

የእኔ ዘዴ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጥያቄ በወረቀት እጠይቃለሁ። ብየዳ ሞክረህ ታውቃለህ? መልቲሜትር ይዘሽ ታውቂያለሽ? ከሒሳብና ከመጻፍ የቱ ይቀላችኋል? በመልሱ ላይ ተመሥርቼ አደባልቃለሁ። ጂፒኤ ግድግዳ ላይ ለጥፌ አልመድብም። ሴት ተማሪዎች ጥቂት ከሆኑ አንዷን ብቻዋን ሦስት ወንዶች መሐል አላስቀምጥም፤ ሁለት ሁለት አደርጋቸዋለሁ። ብቻዋን የሆነች ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ «አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል» ተብላ ቋሚ ጸሐፊ ስትሆን ደጋግሜ አይቻለሁና።

ስለ ቋንቋም አስቡ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ወሬው በአማርኛ ነው። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ አፉን በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የፈታ ብዙ ልጅ አለ። ደንቡ አንድ ነው፦ አራቱም በሚሰሙት ቋንቋ ተነጋገሩ። አንዱ ካልገባው ሥራው ይቆማል።

ቡድኑ ሴሚስተሩን ሙሉ ይቆይ። በየሳምንቱ ከቀየራችሁ ማንም ለማንም ዕዳ አይኖርበትም።

ደረጃ 3፦ ድርሻ ስጡ፣ በየሳምንቱ አዙሩ

አራት ድርሻ አለ። አገጣጣሚው ሽቦ ይሰካል። ለኪው መልቲሜትሩንና ሞገዱን በስክሪን የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ ይይዛል። መዝጋቢው ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የተቀየረውን ነገር በእስክሪብቶ ይጽፋል፤ የተሳሳተ ቁጥር ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም። አራተኛው ሞጋቹ ነው።

ሞጋቹ የእኔ ፈጠራ ነው፣ ከሁሉም የምሳሳለት ድርሻም እሱ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው በሞጋቹ እጅ ነው። ኃይል ከመለቀቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል። የካፓሲተሩ ኔጋቲቭ የት ነው? የሬጉሌተሩ ሦስት እግሮች የትኛው ምንድን ነው? መለኪያው ላይ ስንት እንጠብቃለን? ሦስቱም ካልተመለሱ አያበራም። በተለይ ሦስተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው። ሳይገምቱ የሚለኩ ተማሪዎች የመጣውን ቁጥር ሁሉ ይጽፋሉ፤ 5 ቮልት ቦታ 0.05 ቢመጣም ይጽፋሉ።

ድርሻው በየሳምንቱ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ሠንጠረዡን በሩ ላይ ለጥፉት። ማንም በፈቃዱ አይቀያየርም። ፈጣኑ ልጅ መዝጋቢ በሆነበት ሳምንት ይቁነጠነጣል። አንዱ አንድ ቀን «ቲቸር፣ ለነሱ ከማስረዳ እኔው ልሥራው፣ ቶሎ እንጨርሳለን» አለኝ። «ቶሎ እንድትጨርስ አልፈልግም፤ አገጣጣሚዋ እንድትጨርስ ነው የምፈልገው። በአፍህ እርዳት፣ እጅህን ኪስህ ክተት» አልኩት። ደንብ ሆኖ ቀረ። የሚያውቀው ይናገራል፣ አይነካም።

መነጋገር ከመጀመራቸው በፊት ደግሞ አምስት ደቂቃ ዝምታ እሰጣለሁ። እያንዳንዱ ግምቱን በራሱ ወረቀት ይጽፋል። ይህን ከተውነው ቀድሞ የተናገረው ልጅ ሐሳብ የሁሉም ሐሳብ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ በመጀመሪያው ቀን ስምምነት አስጽፉ

ግማሽ ገጽ ይበቃል። የቀረ ሰው ምን ያደርጋል? ያረፈደስ? በቴሌግራም ግሩፑ ላይ መልስ ለመስጠት ስንት ሰዓት ይፈቀዳል? ሁሉም ይፈርምበት። ዕቁብ የገቡ ወላጆች ልጆች ናቸውና ደንብና ዳኛ ያለው ማኅበር እንግዳ አይሆንባቸውም።

ደረጃ 5፦ ላቡ ውስጥ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ሽቦ አትንኩ። ይህ ከባድ ነው። ጥፋቱ በአንድ እይታ ይታያችኋል፣ እጃችሁም ይፈጥናል። ግን መምህሩ ያስተካከለው ሰርኪት የመምህሩ ሰርኪት ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እስከ የት ድረስ ትክክል ነው?» ከትራንስፎርመሩ ጀምረው ወደ ፊት እየለኩ ይሄዳሉ። ሴኮንደሪው ላይ አለ፣ ከብሪጁ በኋላ አለ፣ ከሬጉሌተሩ በኋላ የለም። ጥፋቱ በሁለት ነጥብ መሐል ታሠረ። ጥያቄውንም የምጠይቀው የተናገረውን ልጅ ሳይሆን ያልተናገረውን ነው።

ጣልቃ የምገባበት ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው ካፓሲተር በተቃራኒው ሲሰካ ነው። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል፣ ዓይን ቅርብ ነው። ሁለተኛው የኦሲሎስኮፑ ግራውንድ ነው። ይህኛው በደንብ ይጻፍልኝ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ዳዮድ ያስጨረሰኝ እሱ ነውና። የሁለቱ ቻናሎች ጥቁር ክሊፖች በውስጥ አንድ ናቸው፣ ከመሬት ጋርም የተያያዙ ናቸው። ተማሪዎች ግቤቱንና ውጤቱን በአንዴ ለማየት አንዱን ክሊፕ ሴኮንደሪው ላይ፣ ሌላውን የዲሲው ኔጋቲቭ ላይ ያደርጋሉ። በዚያ ቅጽበት የብሪጁ አንድ ዳዮድ በሽቦ ተዘለለ። በሌላኛው የሞገድ ግማሽ ከረንቱ ምንም ሳያግደው ጎኑ ባለው ዳዮድ በኩል ይነጉዳል፤ ዳዮዱ (1ኤን4007) ይነዳል። መፍትሔው ሁለቱን በየተራ ማየት ነው። ለኪው ይህን ለሞጋቹ በቃሉ ሳያስረዳ ኦሲሎስኮፑን አያበራም።

መብራት ሲጠፋስ? እኛ አገር ይህ የዕቅድ አካል መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ «የጨለማ ፖስታ» አዘጋጁ። ውስጡ የተበላሸ ሰርኪት ሥዕልና የተለኩ ቮልቴጆች አሉ፤ ጥፋቱን በወረቀት ይፈልጋሉ። መልቲሜትር በባትሪ ይሠራል። ስለዚህ ኃይል ሳይኖር ዳዮድ መፈተሽ፣ ሬዚስተር መለካት፣ የሽቦ መቆራረጥ ማግኘት ይቻላል። ላፕቶፕ ያለው ካለ ሰርኪት በኮምፒውተር በሚሞከርበት ፕሮቲየስ በተባለው ፕሮግራም ይሞክረዋል። እውነቱን ለመናገር ከዓመቱ ምርጥ የቡድን ክርክሮች አንዳንዶቹን የሰማሁት መብራት በሌለበት ቀን ነው።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን እንዴት እንስጥ?

ሥርዓቱ ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ነው። ሁሉም እኩል የሚያገኝበት ውጤት ደቦን ይመልሳል። ሁሉም ለየብቻ የሚያገኝበት ደግሞ ቡድኑን ያፈርሳል። ሦስት ነገር አቀላቅላለሁ።

አንደኛው ዕጣ ነው። በየላቡ መጨረሻ የእያንዳንዳቸው ስም ያለበት አራት ብጣሽ ወረቀት አጣጥፈው ያመጣሉ፣ አንዱን አወጣለሁ። የወጣው ልጅ ሰርኪቱን ያስረዳል። የሚያገኘው ነጥብ የአራቱም ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለውጡን ታያላችሁ። ሰቃዩ ላብ ከመግባቱ በፊት ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ለደካማው ሲያስረዳ ታገኙታላችሁ፤ ውጤቱ በዚያ ልጅ አፍ ላይ ነውና። ዓይን አፋር ልጅ ሲወጣ ግን አትቸኩሉበት። በቃል መናገር ከከበደው በጣቱ እያሳየ ያስረዳ።

ሁለተኛው አጭር ፈተና ነው። ላሪ ማይክልሰን የተባለ መምህር በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ካስጀመረው አሠራር የወሰድኩት ነው። አምስት ምርጫ ጥያቄ መጀመሪያ ብቻቸውን ይሠራሉ፣ ያስረክባሉ። ከዚያ ያንኑ ፈተና በቡድን ተመካክረው ይሠሩታል። ሁለቱም ይያዛል። ሳያነብ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ይታወቃል፤ በሁለተኛው ደግሞ ጓደኞቹ ፊት የሚያዋጣው ይጠፋዋል። ከማንኛውም የእኔ ቁጣ በላይ ይህ ይሠራል።

ሦስተኛው የእርስ በርስ ምዘና ነው። ሴሚስተሩ አጋማሽ ላይና መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ አባል 30 ነጥብ ለሦስቱ ጓደኞቹ ያከፋፍላል፣ በምሥጢር። ለራሱ አይሰጥም። ሁሉም እኩል ከሠሩ እያንዳንዱ ከሦስቱ በድምሩ 30 ይደርሰዋል። አንዱ 24 ካገኘ፣ 24 ለ30 ሲካፈል 0.8 ነው። የቡድኑ ፕሮጀክት ከመቶ 80 ካመጣ የእሱ 64 ይሆናል። 33 ያገኘችው ደግሞ በ1.1 ተባዝቶ 88 ታገኛለች። ከ1.1 በላይ እንዳይሄድ ገደብ አድርጉ። የአጋማሹን ምዘና በውጤት ላይ አትደምሩት፤ ልጁ ራሱን የሚያይበት መስታወት ይሁን። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት አስጽፉ። ምክንያት የሌለው ዝቅተኛ ቁጥር ካያችሁ ልጆቹን ለየብቻ አነጋግሩ። ቂም ወይም የብሔር ነገር ሊኖር ይችላል፤ ያንን በቁጥር አናልፈውም።

ደረጃ 7፦ ሲጣሉ

ይጣላሉ። አይግረማችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቡድን ቀይሩልን የሚል ይበዛል። እኔ አልቀይርም፤ ጉልበተኛነት፣ ስድብ ወይም ትንኮሳ ከሌለ በስተቀር። እነዚህ ካሉ በዚያው ቀን እለያቸዋለሁ።

ሌላውን ግን በስምምነቱ ወረቀት እፈታዋለሁ። አስቀምጣቸዋለሁ፣ የፈረሙበትን አስነብባቸዋለሁ፣ የቀረው ልጅ መጀመሪያ እንዲናገር አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ሦስቱ «ሰነፍ ነው፣ አይመጣም» ያሉት ልጅ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ላይ እየሠራ ወንድሙን ያስተምር ነበር። ማንም አልጠየቀውም ነበር። ስብሰባቸውን ወደ ማታ ቀየሩት። ልጁ ባትሪና ቻርጅ ላይ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻውን ፕሮጀክት ከሐይቁ አምጡ

ሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ አንድ ትልቅ ሥራ ስጡ። እኔ የምሰጠው የጣናን የውኃ ከፍታ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሐይቁ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ይሞላል፣ ሰኔ አካባቢ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አንድ የፒቪሲ ቱቦ ውስጥ በየ20 ሳንቲሜትሩ ስምንት የማይዝግ ብረት ዘንግ ይደረደራል፣ ከታች አንድ የጋራ ዘንግ ይቀመጣል። ውኃው የደረሰበት ዘንግ ትንሽ ከረንት ያስተላልፋል፣ ትራንዚስተሩ ይከፈታል፣ ኤልኢዲው ይበራል።

ድርሻው አራት ነው፦ ዘንጎቹ፣ ሰርኪቱ፣ ባትሪና ሶላሩ፣ ሣጥንና ተከላው። ኃይሉ የ12 ቮልት ባትሪ ብቻ ይሁን። ሥራ ከመጀመሩ በፊት «የድንበር ወረቀት» አስፈርሙ። ባለዘንጉና ባለሰርኪቱ በየትኛው የሽቦ ቀለም፣ በስንት ቮልት እንደሚገናኙ ይጽፋሉ። ይህን ወረቀት የናቁ ቡድኖች ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት ተጣልተዋል።

የሚያስቡት ብዙ ነገር አለ። ዲሲ ሁልጊዜ ከተለቀቀ ፖዘቲቩ ዘንግ በኤሌክትሮሊሲስ ይበላል፤ ስለዚህ ሲነበብ ብቻ ለአፍታ መብራት አለበት፣ ወይም አቅጣጫው መቀያየር አለበት። ይህን የሰርኪት ልጅ ብቻውን አያገኘውም፤ ዘንጉን በሳምንቱ አውጥቶ ያየው ልጅ ነው የሚነግረው። እንቦጭ ደግሞ ዘንጎቹ ላይ ከተጠመጠመ ርጥበቱ ሁለቱን ያገናኝና የሌለ ውኃ ያሳያል። ዘንጎቹ ቱቦ ውስጥ የሚገቡት ለዚህ ነው፤ ቱቦው ማዕበሉንም ያረጋጋል።

መጀመሪያ በባልዲና በበርሜል ይሞክሩ። ወደ ዳር ሲወጡ ቀን ይሁን፣ ማንም ውኃ ውስጥ አይግባ። ቢልሃርዚያ አለ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ አለ። ተከላው ከመቆሚያ መድረክ ላይ ሆኖ ይከናወን፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ከዚያ በፊት ግን ተማሪዎቹ በደንገል ታንኳ የሚሠሩትን አሣ አስጋሪዎች ያነጋግሩ። «አባባ፣ ውኃው ባለፈው ዓመት እስከ የት ደረሰ?» ብለው ይጠይቁ። ባለሣጥኑ የት እንደሚተክል የሚወስነው በዚያ መልስ ነው። አንድ ቡድን ሥዕሉን ሠርቶ ጨርሶ ነበር። አንድ አዛውንት በጣታቸው ዛፉ ላይ ያለውን የውኃ ምልክት ሲያሳዩአቸው ሣጥኑን ግማሽ ሜትር ከፍ አደረጉት።

የመዝጋቢዎቹን ደብተር መጨረሻ ላይ ሰብስቡ። ውጤት ከሰጣችሁ በኋላ አትመልሱላቸው፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። በጥቅምት አዲሶቹ ሲመጡ በመጀመሪያው ቀን ለየቡድኑ አንድ አንድ አድሉ። መጀመሪያ የሚያነቡት የተሰረዙትን ቁጥሮች ይሁን።